ያለ ጊዜው የታየ ደም

የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ የውስጥ ሱሪ ላይ የደም እድፍ ከታየ፣ ልጅቷ ጤና ጣቢያ ሳትደርስ ፍርዱ እቤት ተሰጥቶ ያልቃል። አያት «ደርሳለች እኮ» ትላለች። ጎረቤት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የነካት ቢኖር ነው» ትላለች። አባት ለማንም ሳይተነፍስ ካንሰር ነው ብሎ ሲገላበጥ ያድራል። ሦስቱም ሥጋት ከሜዳ የመጣ አይደለም። ያለ ዕድሜው የሚመጣ ጉርምስና አለ፤ በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ጥቃት አለ፤ እጅግ አልፎ አልፎ ቢሆንም በዚያ ዕድሜ የሚወጣ ክፉ ዕጢ አለ። ይህ ምዕራፍ ግን ስለ አራተኛው ወገን ነው፤ ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶ ስለማያውቀው፣ ብዙ ጊዜ ለክፉ ስለማይሰጠው፣ አንዳንዱም ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ቅባት ስለሚድነው ደም።

ብርቅ የሆነን ነገር ማወቁ ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ይኖራል። የሚጠቅመው የተሳሳተው ፍርድ ከበሽታው ስለሚከፋ ነው። «ደርሳለች» የተባለች ልጅ፣ የቤተሰብ ሕጉ ለጋብቻ 18 ዓመት ቢልም፣ ከጨዋታ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳም ወደ ሽማግሌ ጆሮ ልትገባ ትችላለች። «የነካት አለ» በተባለበት ቤት ደግሞ የእንጀራ አባት ወይም አብሮ የሚኖር አጎት ያለ ጥፋቱ ይጠረጠራል። ተገላቢጦሹም አለ፤ በእርግጥ ጥቃት የደረሰባት ልጅ ነገር «ምች ነው፣ ያልፋል» ተብሎ ተሸፋፍኖ ይቀራል።

ዱከምን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በድሮው የአዳማ መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋች፣ በፍስክ ቀን ቁርጥ ፈላጊ የሚጎርፍባት፣ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ፋብሪካዎች ከየአገሩ ሠራተኛ የሰበሰቡባት ከተማ ናት። እናት ፈረቃ ላይ ስትሆን ልጅ የምታውለው አክስት ወይም የግቢው ጎረቤት ናት፤ እድፉን ቀድማ የምታየውም እሷው ናት። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹ ዘመድ ወዳለበት ይበተናሉ፤ አንዷ ደጋ ወደ አያቷ፣ ሌላዋ ቆላ አዋሽ ዳር ወደ አጎቷ። ይህ ዝርዝር ከሕክምና ጋር የማይገናኝ ቢመስልም ወደ ኋላ እንደምናየው የአንድ እድፍ ምክንያት አንዳንዴ የሚገኘው እዚያው ውስጥ ነው።

መነሻ የሚሆነን አንድ እውነት አለ፤ የሴት ልጅ አካል የሚጎረምሰው በቅደም ተከተል ነው። ዊሊያም ማርሻልና ጄምስ ታነር የተባሉ እንግሊዛውያን ሐኪሞች በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ያደጉ 192 ልጃገረዶችን ለዓመታት ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1969 አሳትመዋል። መጀመሪያ ብዙ ጊዜ ጡት ያጎጠጉጣል፤ ከዚያ ልጅቷ በአጭር ጊዜ ትመዘዛለች፤ የወር አበባ የሚመጣው መጨረሻ አካባቢ፣ ጡት ማጎጥጎጥ ከጀመረ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ቆይቶ ነው። ዕድሜው ከአገር አገርና ከቤት ቤት ይለያያል፤ በኢትዮጵያ የአብዛኞቹ ልጃገረዶች የመጀመሪያ የወር አበባ ከ13 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ይመጣል። ቅደም ተከተሉ ግን እምብዛም አይዛባም። ስለዚህ ጡቷ ጨርሶ ያላጎጠጎጠ ልጅ ደም ካየች፣ ያ ደም የወር አበባ ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። አያትን «እማዬ፣ ደረቷን አይተሻል?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ከላይ ካሉት ፍርዶች አንዱን ብዙ ጊዜ ያነሳል። ከስምንት ዓመት በፊት ጡት ካጎጠጎጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያ ያለ ዕድሜው የመጣ ጉርምስና ሊሆን ስለሚችል የሆርሞን ሐኪም ማየት አለበት።

(በነገራችን ላይ አራስ ሴት ልጅ በተወለደች በመጀመሪያው ሳምንት ጥቂት ደም ብታሳይ አያስደነግጥም። በማህፀን ሳለች ከእናቷ ያገኘችው ሆርሞን ሲቋረጥ የሚመጣ ነው፤ በቀናት ውስጥ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ እስከ ጉርምስና ድረስ ምንም ደም መታየት የለበትም።)

ሁለተኛው ጥያቄ ደሙ በየት ወጣ የሚለው ነው። የሽንት መውጫ፣ ብልትና ፊንጢጣ በትንሽ ልጅ ላይ ተቀራርበው ነው ያሉት፤ ሦስቱም የሚያቆሽሹት አንዱን ሱሪ ነው። ልጅቷ እንድትለይ አይጠበቅባትም። በነጭ ወይም በሚያሳይ ኩባያ ብትሸና ሽንቱ ራሱ መቅላት አለመቅላቱ ይታያል፤ ሰገራዋ ላይ ደም መኖር አለመኖሩም እንዲሁ። ይህን አይታ የመጣች እናት ለሐኪሙ ግማሹን ሥራ ሠርታለታለች።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያውቀውና በእኔ ግምት ከሁሉ ይልቅ መታወቅ ወደሚገባው ችግር እንምጣ። የሽንት ቧንቧው የውስጥ ሽፋን ከቦታው ተንሸራቶ በሽንት መውጫው በኩል ብቅ የሚልበት ጊዜ አለ። የኮት እጅጌ ገበሩ ተገልብጦ በእጅ አንጓ በኩል ሲወጣ እንደሚሆነው ነው። የወጣው ሥጋ ክብ፣ ያበጠ፣ ቀይ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ያደላ፣ መሀሉ ላይ ቀዳዳ ያለው ነው፤ ሽንት የሚወጣው በዚያ ቀዳዳ ነው። ልብስ ሲያሸው ይደማል። የሚገርመው ልጅቷ ብዙ ጊዜ አያማትም፤ ስትሸና ትንሽ ያቃጥላት ይሆናል እንጂ ትሮጣለች፣ ትጫወታለች። የሚታየው ምልክት ደሙ ብቻ ነው። ደሙን ያየ ሁሉ ደግሞ የሚያስበው ስለ ማህፀን ነው።

ይህ ችግር በብዛት የሚታየው ከአራት እስከ አሥር ዓመት ባሉ ሴት ልጆች ላይ ነው፤ ከዚያ ይጠፋና የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ በአሮጊቶች ላይ ተመልሶ ይመጣል። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው የኢስትሮጅን ማነስ ነው። ይህ ሆርሞን ሲያንስ በዚያ አካባቢ ያለው ሽፋን ይሳሳል፣ ይላላል። በላላው ላይ ከሆድ ግፊት ሲጨመርበት፣ ማለትም የማያቋርጥ ሳል፣ የሆድ ድርቀት፣ ከአቅም በላይ የሆነ የውሃ ጀሪካን ማንሳት፣ ሽፋኑ ይወጣል። የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት ተጠይፋ እስከ ማታ የምትይዝ ልጅ ለሆድ ድርቀት ምን ያህል ቅርብ እንደሆነች ወላጅ ሁሉ ያውቃል። በአሜሪካ የተሰበሰቡት የሕክምና መዝገቦች እንደሚያሳዩት ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ጥቁር ልጆች ናቸው፤ ለምን እንደሆነ ሳይንስ አጥጋቢ መልስ የለውም። ለእኛ አገር ሐኪም ግን መልእክቱ ግልጽ ነው፤ መጽሐፉ «ብርቅ» ብሎ የጻፈው እዚህ ያን ያህል ብርቅ ላይሆን ይችላል።

ሕክምናው ቀላል ነው። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለብ ባለ ውሃ ገንዳ ውስጥ መቀመጥ፣ ሐኪም የሚያዘው ኢስትሮጅን ያለበት ቅባት ለጥቂት ሳምንታት፣ የሆድ ድርቀቱን ወይም ሳሉን ማከም። የወጣው ሥጋ ከጠቆረ፣ ሽንት ከከለከለ ወይም በዚህ ሁሉ ካልተመለሰ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይነሳል። ሕመሙ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ ያላወቀው ባለሙያ በአንድ እይታ ሁለት ስሕተት ሊሠራ ይችላል፤ ዕጢ ነው ብሎ ማስደንገጥ ወይም የመደፈር ምልክት ነው ብሎ መጻፍ። ሁለቱም በሕክምና ጽሑፎች ደጋግመው የተመዘገቡ ስሕተቶች ናቸው።

ስለ ጥቃት ከተነሣ፣ ልጅን መመርመር ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ መናገር ያስፈልጋል። ያልጎረመሰች ልጅ የምትመረመረው እናቷ ወይም የምታምናት ሰው አጠገቧ ሆና ነው፤ ባለሙያው ከውጭ በዓይኑ ያያል፣ ምንም መሣሪያ ወደ ውስጥ አያስገባም። ውስጡን ማየት ግድ ከሆነ ልጅቷ ማደንዘዣ ወስዳ በተኛችበት ይደረጋል። «ድንግል ናት ወይ» የሚለው ጥያቄ የሕክምና ጥያቄ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ ዓይነቱ ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የለውምና ይቁም ብለዋል። ጥርጣሬው ካለ ደግሞ ቦታው የጎረቤት ጆሮ አይደለም። አዲስ አበባ በሚገኘው ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ያለ የአንድ መስኮት አገልግሎት ሐኪሙን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውንና ፖሊሱን አንድ ቦታ ያገናኛል፤ ልጅቷም ታሪኳን በየቢሮው ደጋግማ ከማውራት ትድናለች።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን በፍጥነት እንለፋቸው። ሽታ ያለው ፈሳሽ ከደም ጋር ሲቀላቀልና ሲመላለስ ብልት ውስጥ የገባ ባዕድ ነገር ይታሰባል፤ የጨርቅ ወይም የሶፍት ቁራጭ በቂ ነው፤ ለብ ባለ ውሃ ሲታጠብ ብዙ ጊዜ ይወጣል፣ ደሙም ይቆማል። የጉሮሮ ቁስል የሚያመጣው ስትሬፕቶኮከስ በራሷ በልጅቷ እጅ ወደ ታች ሊደርስ ይችላል። ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላም ብልትን አቁስሎ ያደማል፤ በዚህ ጊዜ ልጅቷ ተቅማጥ ላይኖራት ስለሚችል ማንም አይጠረጥረውም። ሁለቱም በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይድናሉ። ቆዳዋ በብልትና በፊንጢጣ ዙሪያ ነጣ ብሎ፣ ሳስቶ፣ ሌሊት የሚያሳክካትና የሚሰነጠቅባት ልጅ ካለች ሐኪሞች ላይክን ስክሌሮሰስ የሚሉት የቆዳ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ይህም ከጥቃት ምልክት ጋር የሚምታታ ነው፣ ሕክምናው ቅባት ነው። ከብስክሌት ዘንግ ላይ ወይም ከጋሪ ሲወርዱ ብረቱ ላይ እግር ከፍቶ መውደቅም አለ። እዚህ ላይ ታሪኩና ቁስሉ መገጣጠም አለባቸው፤ ካልተገጣጠሙ ሐኪሙ መጠየቁን አያቆምም።

አልቅት ግን በፍጥነት የሚታለፍ አይደለም። የአገራችን ገበሬ አልቅትን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ከብቱ ምንጭ ጠጥቶ ሲመለስ አፉ ደም ከተለቀለቀ ሌላ ምክንያት አይፈልግም። ሰውም ላይ እንዲሁ ነው። ከምንጭ ወይም ከኩሬ ጎንበስ ብሎ የጠጣ ልጅ አፍንጫ ወይም ጉሮሮ ውስጥ ይጣበቃል፤ ከዚያ የማይቆም ነስር ወይም ደም መትፋት ይመጣል። ብዙዎች የማያውቁት በቆመ ውሃ የሚታጠቡ ሴቶችና ሴት ልጆች ብልት ውስጥም ሊገባ መቻሉን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የኢትዮጵያ ጤና ሳይንስ መጽሔት አንዲት የወር አበባቸው ከተቋረጠ የቆዩ እናት በዚሁ ምክንያት ደማቸው አልቆ ራሳቸውን እስከ መሳት መድረሳቸውን የሚገልጽ የሕክምና ዘገባ አውጥቷል። አንድ ትል እንዲህ ሲያደርግ የሚገርመው ሰው ጆን ሄይክራፍትን ያስታውስ፤ እ.ኤ.አ. በ1884 ከአልቅት አፍ የሚወጣው ፈሳሽ ደም እንዳይረጋ እንደሚያደርግ ያሳየው እሱ ነው። ሂሩዲን የተባለው ይህ ንጥረ ነገር አልቅቱ ጠግቦ ከወደቀ በኋላም ቁስሉን ለሰዓታት ያደማዋል። ስለዚህ ሐኪም ሲያይ አልቅቱ ላይኖር ይችላል፤ የሚቀረው የማያቋርጥ ደምና «ዘመድ ቤት ስንከርም ወንዝ ወርደን ነበር» የሚል የልጅ ወሬ ነው። ካለ ደግሞ መጎተት አይገባም፤ ተበጥሶ አፉ ሥጋው ውስጥ ሊቀር ይችላል። በጤና ተቋም በጨው ውሃ ሲታጠብ ራሱ ይለቃል።

ወንዝ ካነሣን መንገዱን ይዘን ቁልቁል እንውረድ። ዱከም ከባሕር ወለል በላይ 1,950 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዳማ 1,700 አካባቢ፣ መተሐራ ከ1,000 በታች፣ መልካ ወረር ደግሞ 750 ሜትር ገደማ። ይህ ከፍታ ለብልሃርዚያ የአድራሻ ደብተር ነው፤ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች እንደ ሙቀቱ ቦታ ይመርጣሉ። በወንጂና በዝዋይ አካባቢ ያለው ማንሶኒ የተባለው የብልሃርዚያ ትል ዓይነት በአንጀት ዙሪያ ባሉ ደም ሥሮች ውስጥ ይቀመጣል፤ ደሙ የሚታየው ሰገራ ላይ ነው። ወደ መካከለኛውና ታችኛው አዋሽ፣ ወደ አሚባራና ገዋኔ ሲወረድ ሄማቶቢየም የሚባለው ይገኛል፤ እሱ የሚያርፈው በሽንት ፊኛ ዙሪያ ነው። እንቁላሎቹ የፊኛውን ግድግዳ እየሰረሰሩ ሲወጡ ደም ይመጣል፤ ደሙም አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ሽንቱ ሊያልቅ ሲል በመጨረሻዎቹ ጠብታዎች ላይ ነው።

ይህን በአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሱሪ ላይ ያየ ሰው ምን እንደሚል መገመት አያቅትም። በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮችማ የወንድ ልጅ ሽንት መቅላት የመጎርመስ ምልክት ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ለዚህም ምክንያት አለው፤ ትሉ በብዛት የሚጠራቀመው ልጆች ውሃ ላይ በሚውሉበት በአሥርና በአሥራ አራት ዓመት መካከል ስለሆነ ደሙ ከጉርምስናው ጋር ይገጥማል። በሴት ልጅ ላይ ሌላም አለበት፤ እንቁላሎቹ በብልትና በማህፀን በር ሥጋ ውስጥ ሊቀበሩና በዚያም ሊያደሙ ይችላሉ። ትሉን ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ውስጥ ካገኘው ወዲህ ዘመናት አልፈዋል፤ ዛሬ ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን በልጅቷ ክብደት ተመጥኖ ሲሰጥ ይገድለዋል። ችግሩ ዱከም ያለ ባለሙያ ስለ አዋሽ በረሃ ካልጠየቀ ክኒኑን የሚያዝበት ምክንያት አለመኖሩ ነው። ሽንቱም መመርመር ያለበት በማንኛውም ሰዓት አይደለም፤ እንቁላሉ በብዛት የሚወጣው እኩለ ቀን አካባቢ ስለሆነ ከረፋዱ 4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሸናው ይመረጣል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተሸንቶ «ነፃ» የተባለ ውጤት ብዙ አያሳምንም።

እዚህ ላይ ተመራማሪውን አክሊሉ ለማን ሳያነሡ ማለፍ ለኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን በብዛት አየ። እናቶች ለአረፋው የሚፈልጉት ፍሬ ብልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ይገድላል። ከባልደረባው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ፤ የመሠረተው የምርምር ተቋምም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ ይጠራል። የሚያሳዝነው እንዶዱ በየወንዙ ዳር የታሰበለትን ያህል አለመዋሉ ነው።

መጀመሪያ ላይ ካነሣነው የጉርምስና ቅደም ተከተል የሚያፈነግጥ አንድ በጣም ብርቅ ነገር አለ። ጎርምሳ የምትመዘዝ ሳይሆን ማደግ ያቆመች፣ ፊቷ ያበጠ፣ ብርድ የማትችል፣ እንቅልፍ የሚጫጫናት፣ ሆዷ የሚደርቅ ልጅ ድንገት ደም ታያለች፤ ጡቷም አጎጥጉጦ ሊሆን ይችላል። ጁድሰን ቫን ዋይክና ሜልቪን ግሩምባክ እ.ኤ.አ. በ1960 እንደጻፉት፣ ምክንያቱ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ መስነፉ ነው። አንጎል የሰነፈውን ዕጢ ለመቀስቀስ የሚልከው ሆርሞን እጅግ ሲበዛ እንቁላል ማምረቻውንም አብሮ ይቀሰቅሰዋል፤ በአልትራሳውንድ ሲታይ አብጦ ውሃ ቋጥሮ ይገኛል። ይህን ያላወቀ ሐኪም ክፉ ዕጢ መስሎት ወደ ቀዶ ሕክምና ሊሄድ ይችላል፤ የሚያስፈልጋት ግን በየቀኑ የምትወስደው የታይሮይድ ክኒን ነው። ደሙም ይቆማል፣ እንቁላል ማምረቻውም ይሟሽሻል፣ ቁመቷም ይቀጥላል። የታይሮይድ ነገር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ከሆኑ ልጆች ከአሥሩ አራቱ ገደማ እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እንቅርት ያለባት ልጅ ሁሉ እንዲህ ትደማለች ማለት ግን አይደለም፤ የቫን ዋይክና የግሩምባክ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው አካል የራሱን ታይሮይድ ሲያጠቃ ነው።

እስካሁን ያየነው ከወር አበባ በፊት ያለውን ነው። የወር አበባ ከመጣ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ለብዙ ልጃገረዶች የተመሰቃቀለ ነው፤ አንጎልና እንቁላል ማምረቻ ገና አልተግባቡምና አንዳንዴ ሁለት ወር ይጠፋል፣ አንዳንዴ ይረዝማል። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም። ነገር ግን ከሰባት ቀን በላይ የሚፈስ፣ በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስለውጥ፣ ልጅቷን ደረጃ ስትወጣ የሚያስለከልክ ደም «መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው» ተብሎ አይታለፍም።

ለምን እንደማይታለፍ አንድ ታሪክ ያስረዳል። በፊንላንድ ሥር ካሉት የኦላንድ ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ፎግሎ አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ እ.ኤ.አ. በ1924 ሄልሲንኪ ወደሚሠራው ሐኪም ወደ ኤሪክ ፎን ቪለብራንድ ዘንድ መጣች። ከንፈሯ ትንሽ ሲቆረጥ ለቀናት ደምታ ነበር፤ እህቶቿም በሕፃንነታቸው ደም ፈሷቸው ሞተዋል። ሐኪሙ የወንዶች በሽታ ከሆነው ሄሞፊሊያ የተለየ፣ ሴቶችንም የሚይዝ ሕመም መሆኑን ተረድቶ በ1926 ጻፈው። ልጅቷ 13 ዓመት ሲሆናት በአራተኛው የወር አበባዋ ደሟ አልቆ ሞተች። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ይህ ሕመም በዘር ከሚወረሱት የደም አለመርጋት ችግሮች ሁሉ በብዛት የሚገኘው ነው፤ አብዛኞቹ ያለባቸው ሰዎች ቀላሉን ዓይነት ይዘው ሳያውቁት ይኖራሉ፣ ሴት ከሆኑ ደግሞ መጀመሪያ የሚጋለጠው በወር አበባ ነው።

ስለዚህ ከባድ የወር አበባ ላለባት ልጅ እናት የሚቀርቡት ጥያቄዎች ስለ ማህፀን ብቻ አይደሉም። ነስሯ ከአሥር ደቂቃ በላይ ይቆይ ነበር? ጥርሷ ሲነቀል ሌሊቱን ደማች? እንጥሏን ያስቆረጧት ጊዜስ? አክስቶቿ ወልደው ብዙ ደም ፈሷቸዋል? የእንጥል ማስቆረጥ ልማድ በራሱ አደገኛ መሆኑን ሌላ ምዕራፍ ላይ ተናግሬያለሁ፤ እዚህ ግን ያለ ፈቃዱ የምርመራ መረጃ ይሆናል። ለእንዲህ ያለች ልጅ ሕመም ማስታገሻ ተብሎ አስፕሪን መስጠት ደሙን ያብሳል። ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው ክኒን ግን ይቀንሰዋል፤ ያፈለቁት ኡታኮ ኦካሞቶና ባለቤቷ ሾሱኬ ናቸው፣ ጃፓን ውስጥ። የብረት እጥረቱም ለብቻው መታከም አለበት፤ ደሙ ቢቆምም የፈሰሰው አይመለስምና።

ስለ ወንዶች ልጆችም ጥቂት ልጨምር። ከአሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ ሳያመው ሰገራው ላይ ደማቅ ደም ከታየ ቤተሰብ ኪንታሮት ነው ይላል፤ በልጅ ላይ ግን ኪንታሮት እምብዛም አይታይም፣ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንጀቱ ውስጥ የተንጠለጠለ ካንሰር ያልሆነ ትንሽ ሥጋ ነው፤ በመመርመሪያ ቱቦ ተቆርጦ ይወጣል። ጉርምስና ላይ ለደረሰ ወንድ ልጅ ደግሞ ነስር አለ። አብዛኛው ነስር ምንም አይደለም፤ ልጁ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ የአፍንጫውን ልስልስ ክፍል በሁለት ጣቱ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ሳይለቅ ቢይዝ ይቆማል። ራስን ወደ ኋላ ማዘንበል ደሙን ወደ ጉሮሮ ይልከዋል እንጂ አያቆመውም፤ በግንባር ላይ ውሃ ማፍሰስም አያቆመውም። አንድ አፍንጫው ብቻ ለወራት የተደፈነበት፣ ከዚያው ከአንዱ በኩል ደጋግሞ በኃይል የሚደማ የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ ግን ሌላ ነው። ከአፍንጫ ኋላ የሚበቅል፣ በደም ሥር የተሞላ ዕጢ ሊኖርበት ይችላል፤ ከሞላ ጎደል ወንዶችን ብቻ፣ በዚሁ ዕድሜ የሚይዝ ነው። ካንሰር አይደለም፣ ወደ ሌላ አካልም አይዛመትም፤ ነገር ግን ለናሙና ብሎ ጫፉን የቆረጠ ሐኪም ደሙን ማቆም ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታዘዘው ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ነው፤ ቀዶ ሕክምናው የሚደረገውም ከተቻለ ዕጢውን የሚመግቡት ደም ሥሮች አስቀድመው ከተደፈኑ በኋላ ነው። አልቅት ባለበት አገር ግን ከዚህ ሁሉ በፊት በባትሪ ብርሃን አፍንጫውንና ጉሮሮውን ማየትና ልጁ ከየትኛው ውሃ እንደጠጣ መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም።